ሰውየው ወይስ ሰልፉ?

የአንድ ሆስፒታል የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊና በሥራ ቦታ ደኅንነት ጉዳይ ላይ ያረጁ አንድ ባለሙያ ያደረጉት ምልልስ። ከአዋጆቹ ቁጥር በቀር ዘመኑ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ኃላፊዋ፦ ጋሼ፣ ቦርዱ የጠየቀኝ ግልጽ ነገር ነው። በሠራተኞቻችን ላይ ጥቃት እንዳይደርስ፣ ሠራተኛውም እርስ በርሱ እንዳይጎዳዳ የስጋት መመዘኛ አዘጋጂ ተብያለሁ። እኔ ያሰብኩት ከሰው መጀመር ነው። ጠበኛ ሰው ይታወቃል፤ አነጋገሩ ያሳብቅበታል፣ ያለፈ ታሪኩም ይከተለዋል። ቅጥር ላይ በደንብ ብናጣራ፣ በሥራ ላይ ያሉትን በቅርብ አለቆቻቸው በኩል በየጊዜው ብናስመዝን፣ በር ላይ ደግሞ ጠንከር ያለ ጥበቃ ብናቆም፣ የችግሩ አብዛኛው የሚቃለል ይመስለኛል። እርስዎ ግን ረቂቁን አንብበው ሲጨርሱ ዝም አሉ።

ባለሙያው፦ ዝም ያልኩት ረቂቅሽ ስለ ሰው ጠባይ ገጽ በገጽ ሲያትት ስለ ቦታው አንድ መስመር እንኳ ስላልጻፈ ነው። ሒሳቡን እንየው። 10,000 ሠራተኛ ያለው ድርጅት አስቢ፤ ከእነዚህ መካከል በዓመቱ ሰው ላይ ከባድ ጉዳት የሚያደርሱት 5 ናቸው እንበል። አንቺ ደግሞ እስካሁን ማንም ያልሠራው ድንቅ መመዘኛ በእጅሽ ገብቷል፤ አምስቱን አንድም ሳያመልጠው ይይዛል፣ በንጹሐኑ ላይ የሚሳሳተው ከመቶ አምስት ጊዜ ብቻ ነው። ሲያልቅ 5 አደገኛና 500 ያህል ምንም ያላደረጉ ሰዎች በአንድ ዝርዝር ላይ ተሰልፈው ታገኛለሽ። ምን ልታደርጊያቸው ነው? ሁሉንም አታሰናብቺም። በዓይነ ቁራኛ ላስጠብቃቸው ብትይ ደግሞ ያለ ጥፋቱ የተጠመደ ሰው ቂም እንዲያበቅል መሬቱን አረስሽለት ማለት ነው። በዚያ ላይ የምዘናው ብዕር ያለው በአለቃ እጅ ነው፤ አለቃ ያልወደደውን ሠራተኛ «ጠባዩ አስቸጋሪ ነው» ብሎ መጻፍ እንዴት እንደሚቀለው አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ። የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ባለሙያዎች በ2000ዎቹ መጀመሪያ ይህንኑ ጉዳይ መርምረው ነበር፤ ወንጀለኛን ማሳደድ ሥራቸው የሆነ ሰዎች እንኳ ጥቃት የሚያደርስን ሠራተኛ አስቀድሞ የሚለይ መልክ ወይም ፈተና የለም ብለው ነው የጻፉት።

ኃላፊዋ፦ ሒሳቡ ገብቶኛል። ግን አደጋ ከደረሰ በኋላ ቤተሰቡን በሒሳብ ላጽናና አልችልም። በአሜሪካ ፖስታ ቤት የሆነውን ያስታውሱ፤ በ1986 በኦክላሆማ ኤድመንድ አንድ የፖስታ ሠራተኛ 14 ባልደረቦቹን ገድሎ ራሱን አጠፋ። በ1991 ደግሞ በሚሺጋን ሮያል ኦክ ከሥራ የተሰናበተ ሌላ ሰው ተመልሶ መጥቶ አራት ሰው ገደለ። እነዚህን ቀድሞ የለየ ሰው ቢኖር ኖሮ ያ ሁሉ ነፍስ በተረፈ ነበር። ሰዉን ተዉትና ቦታውን እዩ ማለትዎ እዚህ ላይ አይሠራም።

ባለሙያው፦ ያነሳሽው ጉዳይ እኔን ነው የሚያግዘኝ። ከእነዚያ ግድያዎች በኋላ የፖስታ ሠራተኛ ሁሉ የሚፈነዳ ቦምብ መስሎ ይታይ ጀመር፤ በእሱ ላይ የሚነገር ቀልድም ተሰራጨ። ኋላ በጆሴፍ ካሊፋኖ የተመራ ኮሚሽን ጉዳዩን አጥንቶ በ2000 ሪፖርቱን ሲያወጣ፣ የፖስታ ሠራተኛ በሥራው ላይ የመገደል ዕድሉ ከአገሪቱ አጠቃላይ ሠራተኛ ሲነጻጸር አንድ ሦስተኛ ብቻ መሆኑን አሳየ። በሥራ ላይ በብዛት የሚገደሉት ሌሎች ነበሩ፤ ታክሲ ነጂዎች፣ ሌሊት ሱቅ የሚጠብቁ ሻጮች። ማለትም ሕዝቡ በጋዜጣ የገነነውን አደጋ ሲፈራ አደጋው ያለው ሌላ ቦታ ነበር። የስጋት መመዘኛ አንዱ ጥቅም ይኸው ነው፤ ፍርሃታችን የት እንዳለ ሳይሆን ጉዳቱ የት እንዳለ ያሳያል።

ሮያል ኦክን በተመለከተ ደግሞ ሰውየው ድንገት የመጣ ዱብ ዕዳ አልነበረም። ዛቻው አስቀድሞ ይታወቅ ነበር፤ የሰሙት ብዙዎች ናቸው። የጎደለው ያንን ዛቻ የሚቀበል፣ የሚመዝንና የሚያዝበት ሰው ነው። የሰውን ጠባይ ከፊቱ ማንበብና በአፉ የተናገረውን ዛቻ ቁም ነገር ብሎ መያዝ ለየቅል ናቸው። የመጀመሪያው ጥንቆላ ነው፣ ሁለተኛው ሥራ ነው። ለሁለተኛው ሰነድሽ ውስጥ ቦታ ስጪው፤ ዛቻ የሰማ ሠራተኛ ለማን ይናገራል? ያ ሰው በስንት ሰዓት ውስጥ ምን ያደርጋል? የተናገረውስ ሠራተኛ «ነገረኛ» እንዳይባል ምን ዋስትና አለው? ደግሞ በዚያው ዘመን በ1994 የአሜሪካ ኮንግረስ የኦዲት መሥሪያ ቤት የፖስታ ቤቱን የሥራ ወለል መርምሮ፣ በአለቆችና በሠራተኞች መካከል ያለው ግንኙነት ሥር የሰደደ ብልሽት እንዳለበት ጽፏል። አለቃ የሚያዋርድበት፣ አቤቱታ ወራት የሚፈጅበት መሥሪያ ቤት ጥይት ባይተኮስበትም ጤነኛ አይደለም።

ኃላፊዋ፦ እሺ፣ ወደ ሆስፒታል እንምጣ። እኛ ጋ ያለው የፖስታ ቤቱ ዓይነት አይደለም።

ባለሙያው፦ አይደለም፤ ስለዚህ ነው አንድ መመዘኛ ለሁሉ የማይሆነው። በካሊፎርኒያ የሥራ ደኅንነት ሰዎች የለመዱት አከፋፈል ይጠቅምሻል፤ ጥቃቱን የሚያደርሰው ከሥራው ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ዘራፊ ሊሆን ይችላል፣ ተገልጋይ ሊሆን ይችላል፣ ባልደረባ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ጠቡ ከቤት ተነስቶ ሠራተኛዋን እስከ ሥራዋ የተከተለ ባል ወይም የቀድሞ ጓደኛ ሊሆን ይችላል። ለሱቁ የመጀመሪያው ይበረታል፣ ለሆስፒታል ሁለተኛው። በአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ቁጥር በ2018 በሥራ ላይ ሆን ተብሎ በደረሰ ጥቃት ተጎድተው ከሥራ ከቀሩት የግል ዘርፍ ሠራተኞች 73 በመቶው የጤና ሠራተኞች ነበሩ። ከ10,000 ሠራተኛ ሲሰላ በጠቅላላው ሠራተኛ 2.1 የነበረው በጤናና ማኅበራዊ እርዳታ ዘርፍ 10.4 ነበር። ይህ ልዩነት በሽተኞች ክፉ ሰዎች ስለሆኑ የመጣ አይደለም። ያው ሰው ባንክ ሲሄድ ተሰልፎ ተራውን ጠብቆ ይመለሳል።

እስቲ የድንገተኛ ክፍልን አንድ ሌሊት ልብ ብለሽ ተመልከቺ። አስታማሚው ታማሚውን ደግፎ ይገባል፤ መጀመሪያ ካርድ ክፍል፣ ከዚያ ገንዘብ ተቀባይ፣ ከዚያ ሐኪሙ የጻፈው መድኃኒት ግቢ ውስጥ ስለሌለ ወደ ውጭ ፋርማሲ። ሲመለስ ጥበቃው ካርድህን አሳይ ይለዋል፤ ካርዱ ያለው ውስጥ ታማሚው ዘንድ ነው። ሲገባ ደግሞ ተራው አልፎ ሌላ ሰው አልጋው ላይ ተኝቷል። ለምን እንደሆነ የሚነግረው የለም። ጠና ያለ ታማሚ ቀድሞ መታየቱ የሕክምና ሕግ ነው፤ በአስታማሚው ዓይን ግን ዘመድ ያለው ቀድሞት ነው። ነርሷ የተቀመጠችው ከጠረጴዛው ጀርባ ግድግዳውን ተደግፋ ነው፤ በሩ ያለው ከሰውየው ኋላ ነው፣ ቢቆጣ የምትወጣበት የላትም። መቀስና የደም መርፌ ያለበት ሰሃን በሰውየው ክንድ ርቀት ላይ ነው። ተረኛዋ ብቻዋን ነች፣ የምትጫነው የድረሱልኝ ደወል የለም፣ የሐኪሙ ስልክ አይነሳም። አሁን ንገሪኝ፤ በዚህ ክፍል ውስጥ የምትመዝኚው የሰውየውን ጠባይ ነው ወይስ ክፍሉን?

ኃላፊዋ፦ ይህ አባባል ግን ጥፋተኛውን ነጻ ያወጣዋል፤ እዚህ ላይ ነው ሠራተኞቻችን የሚቆጡት። በጥፊ የተመታች ነርስ «ወንበርሽ በተሳሳተ ቦታ ተቀምጦ ነው» ሲባል ብትሰማ ምን ይሰማታል? የመታትን ሰው ሰልፉ ነው ያስመታው ልንላት ነው?

ባለሙያው፦ ደህና ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን ሁለት ጉዳዮች እንዳይቀላቀሉ ነው። የመታው ሰው በሕግ ይጠየቅ፣ ከሳሹም ሆስፒታሉ ይሁን እንጂ ነርሷ ብቻዋን ፖሊስ ጣቢያ አትንከራተት። ያ ግን ያለፈውን ይዳኛል፤ የሚመጣውን አይከላከልም። በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ላይ ሁለቱም አሉ። በአንቀጽ 27 ሥራ ቦታ ላይ አምባጓሮ ያስነሳ ሠራተኛ እንደ ጥፋቱ ክብደት ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ይችላል። በአንቀጽ 92 ደግሞ አሠሪው የሠራተኛውን ጤናና ደኅንነት የመጠበቅ፣ ስለ ሥራው አደጋ የማስገንዘብ፣ አደጋ ሲደርስ የመመዝገብ ግዴታ አለበት። መሥሪያ ቤቶቻችን 27ን በቃላቸው ያውቁታል፤ 92ን የሚያነሱት ማሽን እጅ ሲቆርጥ ነው። ቡጢ የሰበረው መንጋጋና ማሽን የሰበረው መንጋጋ ግን ሐኪም ዘንድ ሲደርሱ አንድ ናቸው። በማሽኑ ጊዜ «ሠራተኛው ይጠንቀቅ ነበር» ብለን አናልፍም፤ መከለያው የት አለ ብለን እንጠይቃለን። ነርሷንም ወንበርሽን ያስቀመጥሽው አንቺ ነሽ የሚላት ካለ ተሳስቷል። ወንበሩን ያስቀመጠው፣ በሌሊቱ ተራ አንድ ሰው ብቻ የመደበው አስተዳደሩ ነው፤ አንቺና እኔ ነን ማለት ነው።

ኃላፊዋ፦ መዝገቡ ግን እንዲህ አያሳይም። ያለፈውን ዓመት መዝገብ አገላብጬዋለሁ፤ የተመዘገበ ጥቃት በጣት የሚቆጠር ነው። በዚህ ላይ ተመሥርቼ ቦርዱን በጀት ብጠይቅ ይስቁብኛል።

ባለሙያው፦ መዝገቡ የሚያሳየው የተጻፈውን ብቻ ነዋ። በአሜሪካ አንድ ትልቅ የሆስፒታሎች ስብስብ ውስጥ ተመራማሪዎች ሠራተኞቹን በመጠይቅ ጠይቀው ከመዝገቡ ጋር ሲያስተያዩት፣ በዓመቱ ውስጥ ጥቃት ደርሶብኛል ካሉት 88 በመቶዎቹ በሆስፒታሉ ሥርዓት ውስጥ አላስመዘገቡም ነበር። ያውም ኮምፒውተር ላይ የሚሞላ ቅጽ ባለበት አገር። ሠራተኛው የማይጽፈው ለምን እንደሆነ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻም፤ የሥራው ጠባይ ነው ይላል፣ ምን አጠፋሽ መባልን ይፈራል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጽፎ ምንም ሲለወጥ አላየም። ስለዚህ ባዶ መዝገብ ሰላም አለ ማለት እንዳይመስልሽ። ብዙ ጊዜ እምነት የለም ማለት ነው።

መዝገቡ ምን እንደሚጠይቅም ወሳኝ ነው። ካሊፎርኒያ በ2021 በሳን ሆዜ የባቡር ማደሪያ ግቢ 9 ሠራተኞች በባልደረባቸው ከተገደሉ በኋላ አዲስ ሕግ አውጥታ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ አሠሪውን ሁሉ ማለት ይቻላል የጥቃት መከላከያ ዕቅድ እንዲኖረው አስገድዳለች። ሕጉ የሚጠይቀውን የክስተት መዝገብ ያየ ሰው ይገርመዋል። የሰዎቹ ማንነት እንዲገለጽበት አይፈቅድም። የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ ሠራተኛው መደበኛ ሥራው ላይ ነበር? ቦታው ጨለማ ነበር? ሥራው ጥድፊያ ነበረበት? የሰው እጥረት ነበር? ብቻውን ነበር? እርዳታ መጥራት ይችል ነበር? ቦታው አዲስ ነበር? ዕቅዱም ከሠራተኞቹ ጋር እንዲሠራ፣ መዝገቡም አምስት ዓመት እንዲቀመጥ ይደነግጋል። መነሻው አንድ ሰው በባልደረቦቹ ላይ የፈጸመው ግድያ ሆኖ ሳለ፣ ሕግ አውጪዎቹ ሠራተኛውን ሁሉ በጠባዩ መዝኑ አላሉም።

ኃላፊዋ፦ ይህ እንደሚሠራ ግን በምን ይታወቃል? ቅጽ ተሞልቶ መሳቢያ ውስጥ ሲቀር ብዙ አይተናል።

ባለሙያው፦ በዚያው ባልኩሽ የሆስፒታሎች ስብስብ ውስጥ የተደረገ ሙከራ አለ፤ በ2017 ታትሟል። በ7 ሆስፒታሎች ያሉ 41 የሥራ ክፍሎችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው፣ ለግማሾቹ የራሳቸውን ክፍል የጥቃት ቁጥር አምጥተው አሳዩአቸው፤ ከዚያ የክፍሉ ሠራተኞችና አለቃቸው ተቀምጠው የራሳቸውን እርምጃ ጻፉ። ለሌሎቹ ግማሾች አልተደረገም። ከስድስት ወር በኋላ የጥቃቱ ብዛት በመጀመሪያዎቹ ዘንድ ዝቅ ብሎ ተገኘ፣ ሁለት ዓመት ሲሞላ ደግሞ ጉዳት የሚያደርሰው ጥቃት ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር ከግማሽ በታች ነበር። ልብ በይ፣ ከውጭ የመጣ አማካሪ የጻፈው ዕቅድ አይደለም። የእያንዳንዱ ክፍል መፍትሔ የተለያየ ነበር፣ ምክንያቱም አደጋውም የተለያየ ነው። መሳቢያ ውስጥ የሚቀረው ቅጽ ቁጥሩ ወደ ጻፈው ሰው የማይመለስለት ቅጽ ነው።

ኃላፊዋ፦ ግን እኮ ጋሼ፣ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያሉ ነርሶች ታካሚውን ራሱን ነው የሚመዝኑት። የኖርዌዩን ባለ ስድስት ነጥብ ዝርዝር ያውቁታል፤ እርስዎ ሰውን አትመዝኑ ካሉ ይህን ምን ሊሉት ነው?

ባለሙያው፦ ያዝሽኝ፤ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም። ያልሽው የብሮሴት ዝርዝር የሚጠይቀው ታካሚው ዛሬ ግራ ተጋብቷል ወይ፣ ተበሳጭቷል ወይ፣ ይጮኻል ወይ፣ በቃል ይዝታል ወይ፣ በአካል ያስፈራራል ወይ፣ ዕቃ ይሰብራል ወይ ነው። ማን ነው አይልም፣ አሁን ምን እያደረገ ነው ይላል፤ የሚተነብየውም ለቀጣዩ አንድ ቀን ብቻ ነው፣ ነገ ደግሞ እንደ አዲስ ይሞላል። በስዊዘርላንድ 14 የአእምሮ ሕክምና ክፍሎችን ያሳተፈና በ2008 የታተመ ጥናት፣ ይህን ዝርዝር አዘውትረው በተጠቀሙት ክፍሎች ከባድ ጥቃት 41 በመቶ፣ ታካሚን ማሰርና በግድ መርፌ መውጋትን የመሰለ የኃይል እርምጃ ደግሞ 27 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። ለእኔ ሁለተኛው ቁጥር ይበልጣል። ሰውን ለመፈረጅ የተሠራ መመዘኛ ቢሆን ኖሮ መታሰሩ ይጨምር ነበር። የቀነሰው ነርሷ ምልክቱን ቀድማ አይታ ስላናገረችው፣ ጸጥ ያለ ክፍል ስለወሰደችው፣ ሁለተኛ ሰው ስለጠራች ይመስለኛል። እንዲህ ያለውን ምዘና አልቃወምም።

ኃላፊዋ፦ ጥበቃ መጨመሩንስ? ቦርዱ የሚገባው እሱ ነው።

ባለሙያው፦ ጥበቃ ይኑር፤ ግን የሚታይ ነገር ሁሉ ይከላከላል ብለሽ አትመኚ። የእኛ ሰዎች በዋሽንግተን በብዛት የሚነዱትን ታክሲ ውሰጂ። ሁሉም ሰው ሊምል የሚችለው በሹፌሩና በተሳፋሪው መካከል ያለው የማይበሳ መከለያ ያድናል ብሎ ነው። ከ1996 እስከ 2010 የ26 ከተሞችን መረጃ ያነጻጸረ ጥናት ግን ካሜራ በገባባቸው ከተሞች የሹፌሮች መገደል ምንም ካልገባባቸው በሦስት እጥፍ ያነሰ ሆኖ ሲያገኘው፣ በመከለያው ላይ ግልጽ ልዩነት አላየም። መከለያ ይነሳ አልልም፤ ግን ገንዘብሽን ከማፍሰስሽ በፊት ለኪ፣ ካፈሰስሽም በኋላ ለኪ። በር ላይ የቆመ ጥበቃ ውስጥ ስላለው ሰልፍ ምንም ካላወቀ አስታማሚውን ቀድሞ የሚያስቆጣው እሱ ራሱ ነው። ያንኑ ደመወዝ በሌሊት ተራ እየዞረ «አንተ ሦስተኛ ነህ፣ ዘመድህ እንዲህ ሆኗል» ለሚል ሰው ብትከፍይው የበለጠ የሚከላከል ይመስለኛል። በማስረጃ ሳይሆን በግምት ነው የምናገረው፤ ሞክሪና መዝግቢ።

ኃላፊዋ፦ አንድ የሚከነክነኝ ቀረ። የሚሉት ሁሉ በጎ ፈቃድ ያለው አሠሪ አለ ብሎ የሚነሳ ነው። አሠሪው ራሱ አጥቂ ሲሆንስ? በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሰው ቤት ያሉት እህቶቻችን መዝገብ የት ይሞላሉ?

ባለሙያው፦ እዚያ ላይ የእኔ ዘዴ ይሰበራል፤ አልዋሽሽም። በብዙዎቹ እነዚያ አገሮች የቤት ሠራተኛ ከአጠቃላይ የሠራተኛ ሕግ ውጭ ነች፣ የመኖሪያ ፈቃዷም በአሠሪዋ የተያዘ ነው። የዓለም የሥራ ድርጅት በ2019 ያጸደቀው ስምምነት ቁጥር 190፣ ሠራተኛ ለሕይወቷ ወይም ለጤናዋ ከሚያሰጋት ሥራ ያለ ቅጣት የመውጣት መብት እንዲኖራት ይላል፤ እዚያ ግን ከቤቱ የወጣች ሴት ጠፍታለች ተብላ ትከሰሳለች። ሆኖም ነገሩን ከላኪው ወገን እይው። አንዲት ልጅ ከአገር ስትወጣ ምርመራ የሚደረገው በማን ላይ ነው? ደሟ ይመረመራል፣ ሳንባዋ ይነሳል፣ የሙያ ምዘና ትወስዳለች፣ ዕድሜዋ ይጣራል። የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የሁለትዮሽ ስምምነት ወዳለበት አገር ብቻ እንድትሄድ ማዘዙ መልካም ነው። የምትገባበት ቤት ግን እንዲህ አይመረመርም። የምትተኛበት ክፍል ከውስጥ ይቆለፋል ወይ? ስልኳ በእጇ ይቆያል ወይ? ፓስፖርቷ ማን ዘንድ ነው? በሳምንት አንድ ቀን ከግቢው ትወጣለች ወይ? ከዚህ በፊት በዚያ ቤት የሠሩት ስንት ናቸው፣ ውላቸውን ሳይጨርሱ የሄዱትስ? ለመጨረሻው ጥያቄ መልሱ በላኪው ኤጀንሲ ፋይል ውስጥ መኖር አለበት፤ ወደዚያ ቤት የሚልካት እሱ ነውና።